ሦስተኛው ቆጣሪ

ባልና ሚስቱ ገና ወደ ሰፈሩ የገቡ ሰሞን ሚስትየዋን የፊት ለፊት ጎረቤቷ ምን እንደምትሠራ ጠየቀቻትና፣ ነገሩን ለማሳጠር ብላ «ቆጣሪ ላይ ነው የምሠራው» አለቻት። ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቷ በሩን አንኳኳች። «የኔ ቆጣሪ ቤት ሰው በሌለበት እንኳ ይዞራል። መሥሪያ ቤታችሁ ድረስ ከምመላለስ አንቺው እዪልኝ ብዬ ነው» አለች። ሚስትየዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሄደች፤ የመብራቱን ሳጥን ከፍታ ብታይ ከጎን ያለው ሱቅ የጠለፈውን ሽቦ አገኘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ «ቆጣሪዋ» ተባለች። ባሏ ስሙን ወደ መሥሪያ ቤት ይዞት ገባ፤ እዚያም ተለጥፎባት ቀረ።

እውነትም ቆጣሪ ላይ ነበረች። የምትቆጥረው ግን ኒውትሮን ነው።

የምትሠራበት ተቋም የአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ያለ ሰፊ ግቢ ነው። መሐሉ ላይ ጣራው ከፍ ያለ አዳራሽ አለ፤ በአዳራሹ ውስጥ፣ በወፍራም ኮንክሪት ተከልሎ፣ እንደ መኪና ጎማ ከመነዳሪ ክብና ውስጡ ክፍት የሆነ ትልቅ የብረት ዕቃ ተቀምጧል። ሠራተኞቹ «ቀለበቱ» ይሉታል። ከባድ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ይጨመርበትና በብዙ ሚሊዮን ዲግሪ ይሞቃል። ያን ያህል የሞቀ ጋዝ ፕላዝማ ይባላል፤ ግድግዳውን እንዳይነካ ማግኔት ዙሪያውን አቅፎ ይይዘዋል። በፀሐይ ሆድ ውስጥ የሚሆነውን ለጥቂት ሰከንድ እዚህ ማድረግ ነው ሐሳቡ።

ችግሩ፣ ሐኪም ብብት ሥር እንደሚያስገባው ቴርሞሜትር እዚያ ውስጥ ገብቶ የሚለካ ነገር የለም። የገባ ሁሉ ይተናል። ውጭ ሆኖ ከሚወጣው ነገር መረዳት ነው እንጂ። ሁለት የሃይድሮጅን አቶም እምብርቶች ተጋጭተው ሲዋሃዱ ኒውትሮን የሚባል ደቃቅ ነገር ይወረወራል። ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሌለው ማግኔቱ አይዘውም፣ ብረቱንም ሰንጥቆ ያልፋል። ከእሳቱ መሐል የውስጡን ወሬ ይዞ ይወጣል። ብዙ ከወጣ እሳቱ ሞቋል፣ ነዳጁም፣ ማለትም ሃይድሮጅኑ፣ ሞልቷል ማለት ነው፤ ጥቂት ከወጣ ከሁለቱ አንዱ ጎድሏል። የእሷ ሦስት ቆጣሪዎች በቀለበቱ ዙሪያ በፕላስቲክ ብሎክ ተቀብረው ይህንኑ ሲለቅሙ ይውላሉ።

ባሏም እዚያው ነበር የሚሠራው፤ የእሱ መሣሪያ ሌዘር ነው። የሌዘሩን ብርሃን በፕላዝማው ውስጥ ይሰድና፣ ከጋዙ ኤሌክትሮኖች ጋር ተጋጭቶ የሚበተነውን አይቶ ምን ያህል እንደሞቁና ምን ያህል እንደሆኑ ይናገራል። የተዋወቁት በጠብ ነው። ሌዘሩ በተተኮሰ ቁጥር ከኤሌክትሪኩ የሚነሣው ሁከት በኬብሎቿ ውስጥ እየገባ ቆጣሪዎቿ የሌለ ኒውትሮን ይቆጥሩ ነበርና፣ አንድ ቀን ደሟ ፈልቶ ክፍሉ ድረስ ሄዳ «ወንድሜ፣ መብረቅህን አስታግሥልኝ» አለችው። አስታገሠላት። በዓመቱ ተጋቡ። እሱም «መብረቁ» እንደተባለ ቀረ።

ከሠርጋቸው ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። አንዲት ልጃቸው ትዳር ይዛ ሌላ ከተማ ትኖራለች። የባሏ እናት ዳሌያቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ ከእነሱ ጋር ናቸው። ልብስ ሰፍተው ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው እንደ መርፌያቸው ነው፣ ወሬም ይወዳሉ፤ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲጫወቱ ይውላሉ። ባልና ሚስቱ የሥራ ነገር የሚያወሩት ወጥ ቤት ነው። ማታ ማታ እሱ ሽንኩርት ይልጣል፣ እሷ ታማለች። ሰው አይደለም የምታማው፤ ቆጣሪዎቿን ነው። አንደኛው ጭምት ነው፣ ሁለተኛው ትንሽ ዘገምተኛ ነው፣ ሦስተኛው ኩርፍተኛ ነው። ስብሰባ ላይ ደፍራ የማትለውን ጥርጣሬ ሁሉ እዚያ ታወርደዋለች። እሱም እየሳቀ ይሰማታል። ትዳራቸው የቆመው በዚህ ነው ብትባል አትክድም ነበር።

ነገር የመጣው ቀለበቱ በተወደሰ በዓመቱ ነው። አንድ ዓመት አስቀድሞ ማሽኑ ከዚያ በፊት ያላሳየውን ያህል ኒውትሮን አሳይቶ፣ የተቋሙ ኃላፊ ሪፖርት ጽፈው፣ ከሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች ሊያዩት ቀጠሮ ይዘው ነበር። ኃላፊው ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ዕድሜያቸው ለጡረታ ተቃርቧል፣ ያንን ጉብኝት እንደ ልጅ ሠርግ ነበር የሚጠብቁት። ባሏም የልኬት ክፍሉ ኃላፊ ሊሆን ጫፍ ላይ ደርሷል። እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የኒውትሮኑ ቁጥር ቀስ እያለ መውረድ የጀመረው። የእሱ ሌዘር ግን ምንም የተለወጠ ነገር አላየም፤ ሙቀቱም ያው፣ የኤሌክትሮኑም ብዛት ያው።

እሷ መጀመሪያ ራሷን ነው የጠረጠረችው። ኬብሉን ለወጠች፣ ኤሌክትሮኒክሱን ፈታታች፣ እንደገና ገጠመች። ቁጥሩ መውረዱን ቀጠለ። አንድ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ድስቱን እያማሰለች፣ «ሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ ከሁለቱ ጋር መስማማት ትቷል። ሁልጊዜ ከእነሱ አብልጦ ያወራል። እሱ ይሁን እነሱ የተሳሳቱት አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላምነውም» አለችው። ባሏ ሽንኩርቱን መላጡን ትቶ ቀና ብሎ አያት።

በማግሥቱ ስብሰባ ነበር። ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ የየክፍሉ ሰው ተቀምጧል። ኃላፊው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ እንግዶቹ ሊመጡ ትንሽ ነው የቀረው፣ የትኛውን ልመን ብለው ጠየቁ። እሷ ነዳጁ እየሳሳ የሄደ ይመስለኛል፣ ውስጡ የማናውቀው ነገር እየገባ ነው ብላ አስረዳች። ባሏ ተነሣ። ሌዘሩ ምንም የጎደለ ነገር አላየም፣ የኤሌክትሮኑ ብዛት ከአምናው ጋር አንድ ነው አለ። እዚህ ድረስ ሥራ ነው፤ ማንም ሰው ከማንም ሰው ጋር በሥራ ይከራከራል። ቀጥሎ ግን እንዲህ አለ፦

«ሦስተኛውን ቆጣሪ እሷ ራሷ አታምነውም። ትናንት እራት ስንሠራ ነግራኛለች።»

ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ሰው ፈገግ አለ። ሌላው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ኃላፊው ወደ እሷ ዞረው እውነት ነው ወይ ብለው በዓይናቸው ጠየቋት። ሐሰት ነው እንዳትል እውነት ነው፤ እውነት ነው እንዳትል ነገሩ እሱ ባለው መንገድ አይደለም። «ብያለሁ» አለች። ስብሰባው በእሷ ቆጣሪ ላይ ጥርጣሬ እንዳለ ተመዝግቦ ተበተነ።

የዚያን ቀን የተቋሙን መኪና ትታ በሕዝብ አውቶቡስ ሄደች። እሱ ቀድሞ ገብቶ ወጥ ቤት ቆሞ አገኘችው። ሽንኩርቱን አውጥቷል፤ ቢላዋው ግን ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

«እዚህ የነገርኩህን ነው እኮ እዚያ ያወጣኸው» አለችው።

«ውሸት አልተናገርኩም።»

«ውሸት ብትናገር ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ የጨው ዕቃ እንኳ የሚቀባበሉት በእናትየው በኩል ሆነ። እናትየው ነገሩን ከሁለቱም ወገን በቁራጭ በቁራጭ ሰብስበው ሰፉት። መጀመሪያ ሊያስታርቁ ሞከሩ። «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ይኸው የኔ ልጅ ሁለቱም ደርሶበታል» ብለው በልጃቸው ራስ በራነት ቀለዱ። ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ ወደ ምራታቸው ዞረው ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ ባልሽ ከፍ ሊል ነው፣ ይህን ያህል ዓመት የለፋበት ነው፣ ትንሽ ጊዜ ዝም ብትይ ምን ይጎድልብሻል አሏት። እሷም እማማ፣ እኔ ዝም ብል ቆጣሪው ዝም አይልም ብላ መለሰች። ይህ መልስ በመስኮቱ በኩል ወጥቶ ሰፈሩን ዞረ፤ ሲመለስ «ከባሏ ይልቅ ቆጣሪዋን የምትወድ» የሚል ሆኖ ነበር። ጎረቤቷ፣ ያቺ ሽቦ የተጠለፈባት፣ ሱቅ ስታገኛት አዘንኩልሽ እንደማለት ክንዷን ጨበጥ አደረገቻት።

ሆድ ቢብሳትም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ኃላፊው ዘንድ ሄደች። እንግዲህ ቆጣሪዎቼ ከተጠረጠሩ ይመርመሩ፣ ቀለበቱ ቆሞ ይከፈትና ስንት ኒውትሮን እንደሚረጭ በትክክል የታወቀ ምንጭ ውስጡ ዞሮ የቆጣሪዎቹ መልስ ይታይ፣ እንግዶቹም ቢመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው አለች። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሻሹ። «የኔ ልጅ፣ ይህ ነገር አንቺ ላይ ካልቆመ ሁላችንንም ይዞን ይሄዳል» አሏት። ግን ፈቀዱ። የእንግዶቹንም ቀጠሮ አዘገዩት።

የምንጩን ጉዞ ያዘጋጁት የሜካኒክ ክፍሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሁሉ ጋሼ ብሎን ይላቸዋል፤ ኪሳቸው ያለ ብሎን ተገኝቶ አያውቅምና። ምንጩ ከጣት ጫፍ የማይበልጥ ካፕሱል ነው፤ ራሱ ኒውትሮን ስለሚረጭ ሰው በእጁ ይዞት ሊዞር አይችልም። ጋሼ ብሎን አስበው አስበው የልጆች መጫወቻ ባቡር ይሻላል አሉ፤ ክብ ሐዲዱን ቀለበቱ ውስጥ መዘርጋት፣ ካፕሱሉን በረጅም መያዣ ባቡሩ ላይ መጫን፣ ከዚያ ወዲያ ከውጭ ሆኖ በርቀት መንዳት። ሱቅ ገብተው ሲመርጡ ሻጩ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው ብሎ ቢጠይቃቸው «ሃምሳ አልፏታል፣ ግን ጠንቃቃ ናት» አሉት። ይህን ሲነግሯት ከስብሰባው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲልባት ፊቷን አዞረች። ሽማግሌው አይተው እንዳላዩ ሆነው ብሎናቸውን ማጥበቅ ቀጠሉ።

ባቡሩ ዞረ። አንድ ክንድ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እሷ ትቆጥራለች፤ እንደገና አንድ ክንድ ይሄዳል። እንዲህ እየተባለ ቀናት አለፉ። ባሏ በመቆጣጠሪያው ክፍል የመስታወት በር በኩል ሲያልፍ አንዳንዴ ቆም ይላል። አይገባም።

ውጤቱን ለስብሰባው ያቀረበችው ቆማ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ቆጣሪ ደህና ናቸው አለች። ሦስተኛው ታሟል። ባለፈው ዓመት አጠገቡ የተተከለው የማቀዝቀዣ ውሃ ታንክ፣ አልፈው ሊሄዱ የነበሩትን ኒውትሮኖች እያነጠረ ይመልስለታልና ከእውነቱ አብልጦ ይቆጥራል። ባለቤቴ ልክ ነበር፣ ሦስተኛው አይታመንም፤ ግን የሚዋሸው ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው የኒውትሮን ቁጥር እኔ የሦስቱን አማካይ ይዤ ካልኩት ይልቅ ያነሰ ነው። የአምናውም ቁጥር ተጋንኗል።

ኃላፊው የአምናውን ሪፖርት ሳያስቡ አልቀሩም፣ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

አንዱ፣ እንግዲያው ሌዘሩ ነው የተሳሳተው አለ። እሷ አይደለም አለች። «ሌዘሩ ትክክል ነው። ሌዘሩ የሚያየው ኤሌክትሮኖቹን ነው፤ ኤሌክትሮን ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም። ከሃይድሮጅን ቢመጣ፣ ከግድግዳው ካርቦን ቢመጣ አንድ ነው። ኒውትሮን ግን ነዳጅ ከነዳጅ ካልተጋጨ አይወለድም።» የቀለበቱ ውስጥ በግራፋይት ሰሌዳዎች የተለበጠ ነው፤ ግራፋይት ማለት ያው ካርቦን ነው። ከሰሌዳዎቹ አንዱ እየተበላ ወደ ፕላዝማው የሚገባ ከሆነ፣ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ስድስት ኤሌክትሮን ይዞ መጥቶ የጎደለውን የነዳጅ ኤሌክትሮን ይተካል፤ ብዛቱ ያው ይመስላል፣ ነዳጁ ግን ሳስቷል። የካርቦኑን ብርሃን የሚከታተለው ካሜራ ለምን አላየውም ሲሏት፣ የካሜራው መስኮት ከውስጥ በጥላሸት ተሸፍኗል፣ እሱም ቢሆን ዓይኑ ተጋርዷል አለች።

ባሏ እስከዚያ አንገቱን ደፍቶ ነበር። «ግድግዳው ደህና ሆኖ ቢገኝስ?» አለ፤ ድምፁ የክርክር አልነበረም።

«ደህና ከሆነ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ወደ ውስጥ የገባው እሱ ራሱ ነው። ሐዲዱን የዘረጉት ሰዎች ከወገብ በላይ ያለውን ሁሉ አይተዋል፤ የቀረው ከታች በኩል፣ በአንድ የብረት መደርደሪያ ሥር ያለው ጥግ ነው። የሌዘሩን መስታወቶች ለማስተካከል ስንት ጊዜ ገብቷልና የውስጡን መተላለፊያ እንደ እሱ የሚያውቅ አልነበረም። ነጭ ቱታ ለበሰ፣ ጓንት አጠለቀ፣ መብራትና ትንሽ መስታወት ይዞ በጠባቡ በር ገባ። ኃላፊው፣ ጋሼ ብሎንና እሷ በሩ ላይ ቆሙ። በጀርባው ተኝቶ እየተንፏቀቀ ሲሄድ መጀመሪያ ጉልበቱ፣ ከዚያ የጫማው ሽፋን ብቻ ታያቸው። መብራቱ ግድግዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቆመና አልተንቀሳቀሰም።

እሷ በዚያ ሰዓት ያሰበችውን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከእሱ ሌላ ያንን ጥግ የሚያይ የለም። ምንም የለም ብሎ ቢወጣ የሚያምነው እንጂ የሚጠራጠረው አይኖርም፤ እሷም ራሷ ታምነው ነበር።

ሲወጣ ጓንቱ ጥቁር ሆኗል። ጭምብሉን አወለቀ። «ሰሌዳው ብሎኑ ተበጥሶ ዘንበል ብሏል። ጫፉ ተበልቶ አልቋል። አጠገቡ ያሉትም ተጀምረዋል» አለ ለኃላፊው። ቀጥሎ ወደ ማንም ሳያይ «እሷ ያለችው ነው» አለ። ኃላፊው የዕቃ ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ። ጋሼ ብሎን እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄዶ እዚያው ቀረ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ወራቱን ሙሉ ያቺን ቀን ስታልማት ኖራለች፤ እሱ ሲያፍር፣ እሷ ቀና ስትል። ቀኑ ሲመጣ ግን እሱ አላፈረም፤ ደክሞት ነበር። ጓንቱን ለማውለቅ ሲቸገር አይታ ልታግዘው አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ከዚያ ቆመች።

የሚሆነው ሆነ። ቀለበቱ ተዘጋ፤ ሰሌዳው ሁሉ ተነቅሎ እንዲቀየር ተወሰነ፤ ያ ከዓመት በላይ የሚፈጅ ሥራ ነው። ሪፖርቱ ተሰረዘ፤ እንግዶቹም ቀሩ። ኃላፊው የጡረታ ሽኝታቸውን አልፈልግም ብለው በጓሮ በር እንደ መውጣት ወጡ። የልኬቱን ክፍል ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ያዘው። ማሽን በሌለበት ሌዘር ምን ያደርጋል ተብሎ የባሏ ቡድን ተበተነ። በመተላለፊያው ላይ የሚያልፉ ሰዎች ሰላምታቸው ቀዘቀዘባት። ያጠፋችው ነገር እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ሥራውን ያጣ ሰው ከተሰበረው ብሎን ጋር አይጣላም። ብሎን ሰላም አይባል፣ አይኮረፍ።

ያንን ዜና ቤት ያደረሰው ባሏ ነው። እናቱ መስኮታቸው ሥር ሆነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ምራታቸውን አዩና «ደስ አለሽ?» አሉ። በቁጣ አልነበረም፤ ሊያውቁ ፈልገው እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያሉት። ባሏ «ተይ እማ» አለ።

እሱ የሕክምና ሌዘር የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘ፤ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ከተማ ነው። ሊሄድ ሲል አልጋው ላይ ሸሚዞቹን እያጣጠፈች ሳለ ከበሩ ቆሞ፣ «ስለ ቁጥሩ አይደለም የማዝነው። በቁጥር ሰው ይሳሳታል። ያቺን የእራቷን ነገር ባላወጣት ኖሮ» አለ።

«አውቃለሁ» አለችው።

ታውቃለች፤ ልቧ ግን ገና አልደረሰበትም። ሸሚዙን አጥፋ ሻንጣው ውስጥ አስተካክላ አስቀመጠችው፤ እጅጌው እንዳይጨማደድ ደግማ አወጣችው፣ ደግማ አጠፈችው።

እናትየው ከልጃቸው ጋር አልሄዱም። ሐኪማቸው እዚህ ነው፤ የዳሌያቸው ቀዶ ሕክምና ቀኑ ተቆርጧል። እንግዲህ «ደስ አለሽ?» ያሉትና የተባለችው ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቤት ቀሩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በጨዋነት ነው ያሳለፉት፤ እባክዎ፣ አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በኋላ ግን ጨዋነት የሚባል ነገር አልቻሉበትም። ማንሳት አለ፣ ማጠብ አለ፣ አንድ እርምጃ ለማስኬድ በብብት ገብቶ መደገፍ አለ። አሮጊቷ ሲያማቸው ይሳደባሉ፤ ስድባቸው ደግሞ እንደ ሥራቸው ጥንቅቅ ያለ ነው። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ እግራቸው ከድቷቸው ሁለቱም ተያይዘው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። የተጎዳ የለም። አሮጊቷ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ይኸው፣ አሁን እኩል ሆንን» አሉ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጠው የሳቁት ሳቅ ብዙ ጊዜ ተጠራቅሞ የቆየ ነበር።

ቀለበቱ አዲስ ሰሌዳ ለብሶ ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ኒውትሮኑ ድሮ ሌዘሩ ሊሆን ይገባል ያለውን ያህል ወጣ፤ የባሏ ልኬት ከመጀመሪያውም ትክክል እንደነበረ ያን ጊዜ ለሁሉም ታየ። በስልክ ነገረችው። «እንኳን ደስ አለሽ» አለ፤ ከኋላው አንድ ሰው ሲጠራው ተሰማ፣ መሄድ አለብኝ አለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ቧንቧ ያጠብቃል፣ እናቱን ይዞ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ያራምዳል፣ ማታ ወጥ ቤት ገብቶ ሽንኩርቱን ይልጣል። ስለ ልጃቸው ያወራሉ፣ ስለ ጣራው ያወራሉ፣ ስለ ፋብሪካው ይነግራታል። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ጊዜ «ቆጣሪዎቹስ?» ይላታል። «ደህና ናቸው» ትለዋለች። የራቀ ዘመድ ቤተሰቡ እንዴት ነው ሲል የሚመለስለት ዓይነት መልስ ነው። እሱም ይገባዋል። ሌላ አይጠይቃትም። ይህን መልስ ስትመልስ ልቧን ደስ አይለውም፤ ብዙ ቅዳሜ ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፍታ፣ ያ ረጅም ጠረጴዛና ያ ፈገግታ ዓይኗ ላይ ይመጣባትና ትመልሰዋለች።

ሰኞ ማታ ግን ሌላ ነው። እሱ ከሄደ በኋላ አማቷ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ወጥ ቤት ይገቡና ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። «ለሱ ደህና ናቸው ያልሽው ውሸትሽን ነው አይደል?» አሏት። እሷም ድስቱን እያማሰለች፣ ሁለተኛው ሰሞኑን ጭራሽ ዘግይቷል፣ የአዲሱን የልኬት ክፍል ኃላፊ ቁጥር አልወደድኩትም፣ የሚቸኩል ሰው ነው፣ ምናልባት ግን የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ፣ ፈርቻለሁ አለቻቸው። አሮጊቷ ከሚሰሙት ውስጥ አንዱም አልገባቸውም። «ታዲያ ሦስተኛውስ? ያ ኩርፍተኛው?» ብለው ጠየቁ። እሱም ታንኩ ከተነሣለት ወዲህ ጸባዩ ተለውጧል አለቻቸው።

«ለልጄ ልንገረው?»

«አይ እማማ። አይንገሩት።»

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጥቂት አሰቡ፤ ልጃቸው ነውና ከበዳቸው። «እሺ» አሉ።

ልጃቸው በየማታው ይደውላል። አማቷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ስለ እግራቸው፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዕለቱ አየር ብዙ ያወራሉ። እሷ ከወጥ ቤት ሆና ትሰማለች። ስለ ቆጣሪ እስካሁን አንድም ቃል ሲወጣቸው አልሰማችም።